የብሉቱዝ ሄድፎን ለኮምፒውተር ሲገዛ ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ መርካቶ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የብሉቱዝ ሄድፎን ሲገዛና ሲሸጥ የሚጠየቀው አንድ ቁጥር፣ የብሉቱዙ ዕትም ቁጥር ነው፤ «5.0 ነው ወይስ 5.3?» ዋጋውም በዚያው ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። ቁጥሩ ግን ሄድፎኑ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ይዘገይ እንደሆነ፣ ስብሰባ ላይ ማይኩ ሲከፈት ድምፁ ይታፈን እንደሆነ አይናገርም። በእነዚህ ሁለት ቅሬታዎች ምክንያት ጤነኛ ሄድፎን ይመለሳል፣ ይጣላል፣ በውድ ይተካል፤ አዲሱም ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣል። ይህን የምንጽፈው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈሉ በፊት በእጁ ያለውን እንዲያውቀው፣ ሻጮችም ካርቶኑ ላይ የሌለውን እንዲናገሩ ነው።

ከስብሰባው እንጀምር። ሙዚቃ ጥርት አድርጎ ሲያሰማ የነበረ ሄድፎን ዙም ወይም ጉግል ሚት ሲከፈት በአንድ አፍታ ይለወጣል። ስቴሪዮው ይጠፋል፣ ድምፁ እንደ ድሮ የቤት ስልክ ይሆናል፤ ስብሰባው ሲዘጋ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። የተለመደው ብሉቱዝ ድምፅ የሚልክባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። ኤቱዲፒ የሚባለው ለሙዚቃ የተሠራ ነው፤ ከኮምፒውተር ወደ ጆሮ ብቻ ይሄዳል፣ ማይክ አያውቅም። አንድ ፕሮግራም የሄድፎኑን ማይክ ሲጠይቅ ኮምፒውተሩ ኤችኤፍፒ ወደተባለው፣ ለስልክ ጥሪ ወደተሠራው መንገድ ይዞራል። እሱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ነገር ግን ሞኖ ነው (ግራና ቀኙ አንድ ድምፅ)፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫም ያለው 64 ኪሎቢት በሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የድሮው ኮዴክ (ድምፅ የሚጨመቅበት ስልት) ሲቪኤስዲ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ በመሆኑም ከዚያ ግማሽ፣ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው በሙሉ ይቀራል። ኤምኤስቢሲ የሚባለው የተሻለው 16,000 ጊዜ ይለካል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ስ እና ፍ የሚለዩበት የድምፅ ጉልበት በአብዛኛው የሚገኘው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። «ሠራ» የተባለው «ፈራ» ሆኖ ሲሰማ ሁሉም ጣቱን ኢንተርኔቱ ላይ ይቀስራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ጆሮ ላይ ካለው ዕቃ ወዲያ አይሄድም።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። በስብሰባው ፕሮግራም የድምፅ ምርጫ ውስጥ ስፒከሩ ሄድፎኑ ይሁን፣ ማይክሮፎኑ ግን የላፕቶፑ የራሱ ማይክ ይሁን። ማንም የሄድፎኑን ማይክ ካልጠየቀ መንገዱ አይቀየርም፣ ስቴሪዮው ይቆያል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሄድፎኑ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ይታያል፤ አንዱ ስሙ አጠገብ «ስቴሪዮ»፣ ሌላው «ሃንድስፍሪ» ይላል። የሚመረጠው ስቴሪዮ የሚለው ነው። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ሁለቱን በአንድ ስም ስለጠቀለሉ ይህ ምርጫ አይታይም፤ እዚያ የሚወስነው የማይኩ ምርጫ ብቻ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሳይጠየቅ የሄድፎኑን ማይክ እየከፈተ የሚያስቸግር ከሆነ መንገዱን ከነአካቴው መዝጋት ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ»፣ ወደ ታች ወርዶ «ሞር ዲቫይስስ ኤንድ ፕሪንተር ሴቲንግስ» የሚለውን መክፈት። በሚመጣው የድሮ መስኮት የሄድፎኑ ሥዕል ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ሰርቪስስ» ይመረጣል፤ እዚያ «ሃንድስፍሪ ቴሌፎኒ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ማንሳትና «ኦኬ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሄድፎኑን ማይክ አያየውም፤ በሞባይል ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ጄኔሬተር በሚያጓራበት ሕንፃ ወይም ብዙ ሰው በሚያወራበት ቢሮ የላፕቶፑ ማይክ የክፍሉን ጫጫታ ሁሉ ይሰበስባል። እዚያ የሚበጀው ባለ ሽቦ ሄድሴት ወይም ደረት ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ ነው። ማይክ ያለው የሄድፎን ሽቦ ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ ሁለት ቀለበት ብቻ ያለው ማይክ የለውም። ዴስክቶፕ ላይ አረንጓዴና ሮዝ ሁለት ቀዳዳ ካለ ደግሞ ባለ ሦስት ቀለበቱን ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ያስፈልጋል።

ወደ መዘግየቱ እንለፍ። «ኮዴኩ ነው የሚያዘገየው» ይባላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኮዴክ ድምፁ በአየር እንዲላክ የሚጨመቅበት፣ ሄድፎኑ ውስጥም መልሶ የሚፈታበት ስልት ነው። እያንዳንዱ የብሉቱዝ ስቴሪዮ ሄድፎን የግድ የሚያውቀው ኤስቢሲ ብዙውን ጊዜ በ128 በ128 ናሙና (ናሙና የአንድ ጊዜ ልኬት ነው) እየቆረጠ ይጨምቃል። በሰከንድ 44,100 ናሙና ላለው ሙዚቃ ይህ 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ኤኤሲ 1,024 ናሙና ይሰበስባል፤ ወደ 23 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። ታዲያ በተግባር ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ የሚደርሰው መዘግየት ከየት መጣ? ከክምችቱ ነው። ሄድፎኑ የደረሰውን ድምፅ ወዲያው አያሰማም፣ የተወሰነ ያጠራቅማል። በአየር ላይ የጠፋው ክፍል እንደገና እስኪላክለት ካጠራቀመው እያሰማ ይቆያል። ክምችቱ ሰፋ ሲል ድምፁ አይቆራረጥም፣ ግን ይዘገያል። ሲጠብ ይፈጥናል፣ ትንሽ ረብሻ በመጣ ቁጥር ግን ይቆራረጣል። «ጌም ሞድ» የሚባለው ቁልፍ በዋናነት የሚሠራው ይህን ክምችት ማሳነስ ነው፤ ስለዚህም ቤት ውስጥ ደህና የነበረው ጌም ሞድ ብዙ ዋይፋይ ያለበት ፎቅ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል።

ሰው ከቁጥር ሁሉ በላይ የሚታለልበት የጥራት ቁጥሩ ነው። ኤልዳክ የተባለው የሶኒ ኮዴክ በ330፣ በ660 ወይም በ990 ኪሎቢት ይሠራል። 990 የሚለው ትልቅ ቁጥር ሙዚቃውን ያሻሽል ይሆናል እንጂ መዘግየቱን አይቀንስም። ደግሞም ኮዴክ ሁለቱም ወገን ካላወቁት አይሠራም። ዊንዶውስ በራሱ ኤልዳክን አያውቅም። ዊንዶውስ 10 የሚያውቀው ኤስቢሲንና የተለመደውን አፕትኤክስ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ኤኤሲን ጨመረበት። በኤልዳክ ምክንያት ብዙ ብር የተከፈለበት ሄድፎን ዊንዶውስ ላይ ሲመጣ ወደ ኤኤሲ ወይም ወደ ኤስቢሲ ይወርዳል፤ ዊንዶውስም የትኛው ላይ እንደሆነ አያሳይም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊነክስ በዚህ ይሻላል። ፓይፕዋየር የተባለው የድምፅ ፕሮግራም ያለበት ሥርዓት ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያው ውስጥ ኮዴኩ በስሙ ተዘርዝሮ ይታያል፣ መቀየርም ይቻላል።

ለመዘግየት ተብሎ የተሠራው አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ ነው፤ ወደ 40 ሚሊሰከንድ ያወርደዋል። ይህንንም ዊንዶውስ በራሱ አያውቀውም፣ ሄድፎኑም በስም ሊደግፈው ይገባል። መንገዱ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ ለኮምፒውተሩ ራሱን እንደ ሳውንድ ካርድ የሚያሳውቅ አስተላላፊ መግዛት ነው፤ ኮዴኩን የሚሠራው አስተላላፊው እንጂ ዊንዶውስ አይደለም። ተራ የብሉቱዝ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ብሉቱዝ) ይህን አያደርግም፤ ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሲገዛ ይጠየቅ። ከብሉቱዝ ውጭ የሆኑት፣ የራሳቸውን ዶንግል ይዘው የሚመጡት የጌም ሄድሴቶችም በአብዛኛው ከ40 ሚሊሰከንድ አይበልጡም፣ ማይካቸውም ድምፁን አያበላሽም። ለኮምፒውተር ብቻ የሚፈልግ ሰው ከውድ ብሉቱዝ ይልቅ እነዚህን ቢያይ እንመክራለን።

ወደ 5.3 ልመለስ ብሎ ለሚጠይቅ፦ የተለመደው የብሉቱዝ ሙዚቃ ዛሬም የሚሄደው በ2004 በወጣው ፈጣን ክላሲክ ሬዲዮ ላይ ነው። ከ4.0 ወዲህ የመጣው አብዛኛው ለውጥ የነካው አነስተኛ ኃይል የሚበላውን ሌላውን ሬዲዮ ነው። በዚያ ላይ የሚሄደው ኤልኢ ኦዲዮ በ2020 ከ5.2 ጋር ተዋወቀ። ኤልሲ3 የተባለ ኮዴክ አለው፣ በ10 ወይም በ7.5 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ይሠራል፣ ማይክ ሲከፈትም ድምፁን ወደ ድሮው የስልክ ጥራት አያወርደውም። ትክክለኛው ወደፊት እሱ ነው። ሆኖም ግዴታ ስላልሆነ 5.3 የተባለ ሄድፎን ላይኖረው ይችላል፤ ላፕቶፑም ዊንዶውስ 11፣ የሚደግፍ የብሉቱዝ ካርድና የሚደግፍ ድራይቨር ይፈልጋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» ሲከፈት «ዩዝ ኤልኢ ኦዲዮ ዌን አቬይለብል» የሚል ማብሪያ ከሌለ ላፕቶፑ አይችልም። ሄድፎኑ ምንም ቢሆን ለውጥ የለም።

መዘግየቱ ማንን ይጎዳል? ፊልም ብቻ የሚያይን ብዙም አይጎዳም። ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ «ጄ» የምትለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስንጫን ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ «ኬ» ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ። አራት ጊዜ «ጄ» ማለት 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ ብዙው ሄድፎን እዚያ አካባቢ ይገጥማል።

እጅግ የሚያሳስበን በድምፅና በቪዲዮ ሥራ የሚተዳደሩት ናቸው። በየፎቁ በተከፈቱት ትንንሽ ስቱዲዮዎች የውጭ ፊልም በአማርኛ ድምፅ ይደረብበታል፣ ማስታወቂያ ይቀናበራል፣ መዝሙርና ዘፈን ይቀረጻል። በ120 ምት በደቂቃ በሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። በብሉቱዝ እየሰማ የሚዘፍን ሰው 200 ሚሊሰከንድ ከዘገየበት ወደ ግማሽ ምት የሚጠጋ ወደ ኋላ ቀርቶ ይዘፍናል፤ ችሎታው አይደለም፣ የሚሰማው ነው የቀረው። ቪዲዮ አቀናባሪው ላይ ደግሞ ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚሄድ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ የሄድፎኑን መዘግየት ካላካካሰለት አቀናባሪው ድምፁ ከከንፈሩ ቀርቶ ይሰማዋል፤ ድምፁን 5 ፍሬም ወደ ፊት ይጎትታል፤ ለጆሮው ልክ ሆነ ብሎ ሥራውን ያስረክባል። ተመልካቹ በቴሌቪዥን ስፒከር ሲሰማው ግን ድምፁ ከከንፈሩ 200 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይመጣል። የቀደመ ድምፅ ደግሞ ከዘገየ ይብሳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክር ሰው ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ በ125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ወይም በ45 ሚሊሰከንድ ብቻ ሲቀድም ነው። መብረቅ አይተን ነጎድጓዱን ቆይተን ነው የምንሰማው፤ ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ በተፈጥሮ ስለሌለ ጆሮ አይታገሰውም። ስለዚህ የመጨረሻው ገጠማ በባለ ሽቦ ሄድፎን ወይም በስፒከር ሳይፈተሽ ሥራ አይውጣ። ይህን የስቱዲዮ ባለቤቶች ደንብ ቢያደርጉት እንለምናለን።

የራስን ሄድፎን ትክክለኛ መዘግየት ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ቁልፍ ሲነካ ወዲያው ድምፅ የሚያወጣ ነገር፣ ለምሳሌ በኢንተርኔት የሚከፈት ፒያኖ ይከፈት። የሞባይሉ መቅረጫ በርቶ በኪቦርዱና በሄድፎኑ መካከል ይቀመጥ፤ የሄድፎኑ ድምፅ ይጨመር፣ ቁልፉ ጠንከር ተደርጎ አሥር ጊዜ ያህል ይመታ። የተቀረጸው ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሲከፈት የጣቱ ምት አንድ ጉብታ፣ የፒያኖው ድምፅ ሌላ ጉብታ ሆኖ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሚሊሰከንድ ይነበባል፤ የአሥሩ አማካይ ይወሰድ። ቀጥሎ ይኸው ሙከራ በባለ ሽቦ ሄድፎን ይደገም። የሽቦው ውጤት የኮምፒውተሩና የፒያኖው የራሳቸው መዘግየት ነው። እሱ ከመጀመሪያው ሲቀነስ የሚቀረው የብሉቱዙ ነው። ጌም ሞድ አብርቶም አጥፍቶም መለካት ጥሩ ነው፤ ማስታወቂያው የሚለውና የሚለካው ሲራራቁ ይታያል።

መቆራረጥን በተመለከተ የመሀል ከተማው አየር ራሱ ችግር ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው ከ2402 እስከ 2480 ሜጋኸርዝ ባሉ 79 ጠባብ መስመሮች ላይ ሲሆን በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ከመስመር መስመር እየዘለለ የተያዘውን ይሸሻል። አንድ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ወደ 20 መስመር ያህል ይይዛል፤ ባለ ብዙ ቢሮ ሕንፃ ውስጥ ሦስት አራት ራውተር ሲደራረብ የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ላፕቶፑን ከራውተሩ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ስም ጋር ማገናኘት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ በተለይ ትልቅ ፋይል ሲወርድ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ምክንያቱም በላፕቶፕ ውስጥ ዋይፋይና ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ የሚጋሩት አንድ ካርድ ነው። ላፕቶፑ ተከፍቶ ከተጠገነ ወዲህ ከጀመረው ደግሞ ካርዱ ላይ ከሚሰኩት ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች አንዱ ሳይገባ ቀርቶ እንደሆነ ይታይ፤ ጠጋኙ ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ደንበኛው ቢያሳስበው አይከፋም። ዩኤስቢ 3.0ም ጠላት ነው። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው ገመዱና መሰኪያው በዚሁ የ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫሉ። ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አጠገብ የተሰካ ዶንግል የሚንተባተበው ለዚህ ነው። ዶንግሉን በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ አርቆ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፣ ዴስክቶፕም ከሆነ ከብረት ሳጥኑ ጀርባ ማንሳት በቂ ነው።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ በአንባቢዎች ዘንድ የተረሳ ይመስለናል። ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ኤንቪዲኤን በመሳሰሉ ስክሪን የሚያነቡ ፕሮግራሞች ነው። ለእነሱ መዘግየቱ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ምት በኋላ የሚመጣ ነው። ከዚህ የከፋው ብዙ የብሉቱዝ ሄድፎን ለጥቂት ሰከንድ ዝም ከተባለ ኃይል ለመቆጠብ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ የመጀመሪያውን ፊደል ወይም ቃል ይውጠዋል። «አልተላከም» የሚለው «ተላከም» ሆኖ ሲሰማ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። አዳዲሶቹ የኤንቪዲኤ ዕትሞች በድምፅ ቅንብራቸው ውስጥ ንባቡ ካለቀ በኋላ ድምፁ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስን ምርጫ አላቸው፤ እሱን ከፍ ማድረግ ይረዳል። ለዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የሚገዙ ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች ግን ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ጋር አንድ ባለ ሽቦ ሄድፎን አብረው እንዲገዙ እንጠይቃለን።

ለሻጮች ያለን ጥያቄ ሦስት ነገር ነው፦ የሄድፎኑ ኮዴኮች በስም ዋጋው አጠገብ ይጻፉ፤ ኤልኢ ኦዲዮ ያለውና የሌለው ተለይቶ ይነገር፤ ደንበኛው ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ስብሰባ ከፍቶ፣ ማይኩን አብርቶ፣ ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሰምቶ እንዲገዛ ይፈቀድ። ለመሥሪያ ቤታቸው በብዛት የሚገዙ የግዥ ክፍሎችም በጨረታ ሰነዳቸው «ብሉቱዝ 5.0 እና ከዚያ በላይ» ከሚሉ «ከኮምፒውተር ጋር ማይኩ በርቶ ሳለ ድምፁ ከ8,000 ኸርዝ በላይ የሚደርስ» ቢሉ የሚቀርብላቸው ዕቃ ሌላ ይሆናል፤ ባለ ሽቦ ዩኤስቢ ሄድሴት ይህን መስፈርት በቀላሉ ያሟላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምፒውተርና በድምፅ መሣሪያ ጥገና የተሰማራን ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ